ነፋሱን የጋረደውስ?

እ.ኤ.አ. በ1905 የተጀመረው የኢጣልያው የሎምባርዲያ የብስክሌት እሽቅድምድም የውድድር ዘመኑ መዝጊያ ከሆኑት ታላላቅ ውድድሮች አንዱ ነው። ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ከ2021 እስከ 2025 በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፎበታል። ይህን ክብር ማንም አይነሣውም።

ነገር ግን፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚያ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ከፊት እየቀደመ ነፋሱን የሚጋርደው ማን ነው? የቡድን ጓደኛው ነው። ከኋላ የሚከተለው ኃይሉን ይቆጥባል፤ ከፊት ያለው ዳገቱ ላይ ደክሞ ይቀራል፤ ስሙም ከጋዜጣ ይቀራል።

የእኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ ድርሻው በአብዛኛው ለመሪው መድከም ነበር። እኛ ግን በሩጫ በለመድነው ሚዛን «ስንት ጊዜ አሸነፈ?» ብለን እንጠይቃለን። ሚዛኑ አይመጥነውም፤ ብስክሌት የቡድን ሥራ ነውና።

በቸሃ ጀፎረ የመንደሩ ሁሉ ነው፤ ማንም ለብቻው አያጥረውም። የድል ክብርም እንዲሁ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ የስፖርት ጸሐፊዎቻችን ከአሸናፊው ስም ቀጥለው ነፋሱን የጋረደለትን ስም ይጻፉ። አሠልጣኞችም ወጣት ሲመርጡ ቀድሞ የገባውን ብቻ ሳይሆን ለጓደኛው መድከም የሚያውቀውንም ይፈልጉ።