ስም የሌለው ፎቶ፣ ወሰን የሌለው ማሳ

በዓል ሲቃረብ ገበያው ወደ ስልክ መግባት ከጀመረ ሰንብቷል። የደለበ ሰንጋ፣ ሙክት፣ ነጭ ማርና ማኛ ጤፍ ፎቷቸው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለጠፋል፤ ገዥም ከቤቱ ሳይወጣ ያማርጣል። መንገዱ ለአርሶ አደሩ የደላላን ጫና፣ ለከተማ ነዋሪው ደግሞ ድካምን የሚቀንስ ነው። ነገር ግን በዚሁ መንገድ የሰው ፎቶ ወስዶ የሌለውን ከብት የሚሸጥ አጭበርባሪም ይመላለሳል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። አጭበርባሪው አርሶ አደሩ የለጠፈውን የሰንጋ ፎቶ ይገለብጣል፤ የራሱን ስልክ ቁጥር ጽፎ ዋጋውን ዝቅ በማድረግ ይለጥፋል፤ ከዚያም ሌላ ገዥ ሳይቀድም ቀብድ እንዲላክለት ያጣድፋል። ገንዘቡ እንደደረሰው ስልኩን ይዘጋል። ገዥው ቀብዱን ያጣል፤ አርሶ አደሩ ደግሞ ስሙን። የተታለለው ሰው በሬውን የሚያውቀው በፎቶው በመሆኑ ጣቱን ወደ እውነተኛው ባለቤት ሊቀስር ይችላል።

ሕጉ ለዚህ ዝም አላለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል አካትቶታል። በፎቶው ላይ ያለው ኢኮኖሚያዊ መብትም ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት ይጠበቃል። መብቱ በመሠረቱ የፎቶ አንሺው እንጂ የበሬው ባለቤት አለመሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ልጅ በስልኩ ካነሣው መብቱ የልጁ ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ግን አዋጁ ለፎቶግራፍ ያስቀመጠውን ቅድመ ሁኔታ ነው። ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን አለዚያም የወኪሉን ፊርማ ወይም አድራሻ ሲይዝ ነው። በስልክ ተነሥቶ ወዲያው የሚለጠፍ የገበያ ፎቶ በአብዛኛው ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። ስለሆነም በፎቶ ላይ ስምና አድራሻ መጻፍ ጌጥ አይደለም፤ በማሳ ዳር እንደሚተከል የወሰን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ገፊን ሁልጊዜ አያስቆምም፤ ክርክር ሲነሣ ግን ባለቤቱን ይለያል።

በፎቶው ውስጥ ሰው ካለ ሌላ መብት ይጨመራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ሕጉ የሚዘረዝራቸው ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ በአጨዳ ላይ ያለችን እናት ፎቶ አንሥቶ ከመለጠፍ በፊት ማስፈቀድ፣ እኛን ጋዜጠኞችን ጨምሮ፣ የሁሉም ግዴታ ነው።

በቴክኖሎጂ በኩል ፍጹም ቁልፍ የለም። የቴሌግራም ቻናል ባለቤት ይዘቱ እንዳይቀመጥና ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ መከልከል ይችላል፤ ሆኖም ሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ከማንሣት የሚያግደው ነገር የለም። ስለዚህ ዓላማው ስርቆቱን የማያዋጣ ማድረግ ነው። ስምና ስልክ ቁጥር በፎቶው ጥግ ሳይሆን በበሬው ገላ ላይ ይጻፍ፤ ጥግ ላይ ያለ ጽሑፍ በቀላሉ ይቆረጣል። የሚለጠፈው መጠኑ የተቀነሰ ይሁን፤ ዋናው ፎቶ ለማስረጃ በስልክ ይቀመጥ። በፋይል መልክ የሚላክ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል የካሜራው የቦታ መጠቆሚያ ይጥፋ፤ የከብቱን በረት ለሌባ ማመልከት አያስፈልግም። ፎቶው ከተሰረቀም የአጭበርባሪው ልጥፍ ከመጥፋቱ በፊት ከነስሙና ከነቀኑ በስክሪን ቅጂ ተይዞ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል።

ገዥም ድርሻ አለው። ቀብድ ከመላኩ በፊት ሻጩ ከከብቱ አጠገብ ቆሞ በቪዲዮ እንዲደውል መጠየቅ ይችላል። ፎቶውን በጉግል የምስል ፍለጋ መፈተሽም ሌላ ስም ይዞ የወጣበት ቦታ ካለ ሊያሳይ ይችላል።

በመስመር መዝራትን ለአርሶ አደሩ ያስተማሩ የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች በፎቶ ላይ ስም መጻፍን ለማሳየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃቸዋል። በስልክ የሚደረገው ገበያ የቆመው በመተማመን ላይ ነው፤ መተማመኑ አንዴ ከፈረሰ ሐቀኛው አርሶ አደርም ገዥ ያጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው።