ስንት ጊዜ ይቅር ይባላል? ስለ ማርቲን ስኮርሴዚ ፊልሞች

ስለ ሆሊውድ ሰው መጻፋችን ቅር የሚያሰኘው እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ የማርቲን ስኮርሴዚን ፊልሞች አይተዋል። እኛ ዝም ስላልን ማየታቸውን አይተዉም።

ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ1942 በኒውዮርክ ተወለደ፤ ያደገውም የጣሊያን ስደተኞች በሰፈሩበት ሊትል ኢታሊ ነው። በልጅነቱ አስም ስለነበረበት እንደ እኩዮቹ ሮጦ አልተጫወተም። መዋያው ሲኒማ ቤትና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በቅዳሴ ሰዓት ቄሱን ያገለግል ነበር፤ እሱም ቄስ ለመሆን ተመኝቶ ለክህነት በሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ገባ፣ ግን ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ። ይህን ታሪኩን የማያውቅ ሰው በፊልሞቹ ውስጥ ደምና ስድብ ብቻ ነው የሚያየው። ደምና ስድቡማ ሞልቷል። ቤተሰብ ሰብስባችሁ እዩት ብለን ለማንም አንመክርም።

በ1973 በወጣው «ሚን ስትሪትስ» ፊልሙ ውስጥ አንድ ወጣት ኃጢአቱን በራሱ ጥረት ሊክስ ይሞክራል፤ ገሃነምን እያሰበ ጣቱን ወደ እሳት ያስጠጋል። ሉተርን በገዳም ያስጨነቀው ይኸው ጥያቄ ነበር። በ1980 የወጣው «ሬጂንግ ቡል» ደግሞ በቅናት ሚስቱንና ወንድሙን የሚደበድብ ቦክሰኛ ታሪክ ነው። ስኮርሴዚ ፊልሙን የሠራው በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ሆስፒታል ገብቶ ከሞት ከተረፈ በኋላ ነው። ፊልሙም የሚያበቃው ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ለፈሪሳውያን በመለሰው ቃል ነው (ዮሐንስ 9)። ኦስካር የሸለመው ገና በ2007 ነው፤ ያም የሆሊውድ ጉዳይ ነው።

ቤተ ክርስቲያንን የሚመለከተው 1988 ነው። በዚያ ዓመት በካዛንዛኪስ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተው «ዘ ላስት ቴምፕቴሽን ኦፍ ክራይስት» ወጣ። ፊልሙ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ከመስቀል ወርዶ፣ አግብቶና ወልዶ ሲኖር በራእይ ያሳያል፤ በመጨረሻ ፈተናውን ትቶ ወደ መስቀሉ ይመለሳል። ፊልሙ ለሕዝብ ሊታይ ሲል በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች በሎስ አንጀለስ በስቱዲዮው ደጅ ተሰለፉ። ካምፐስ ክሩሴድን የመሠረቱት ቢል ብራይት ፊልሙን ገዝተው ለማጥፋት ገንዘብ አቀረቡ። በፓሪስ ደግሞ አክራሪዎች ፊልሙ የሚታይበትን ሲኒማ ቤት አቃጠሉ፤ ሰዎችም ቆሰሉ።

በትምህርቱ በኩል አቋማችን ግልጽ ነው። ዕብራውያን 4፥15 የሚነግረን ጌታ ስለ ማንነቱ እየተወላወለ ለሮማውያን መስቀል የሚሠራ ሰው አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ ሰልፍ ይልቅ የአንድ ሰው ሥራ ይበልጥ ያስተምረናል። የኒውዮርክ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ፖል ሙር (በብዙ ትምህርት ከእሳቸው ጋር አንስማማም) ስኮርሴዚን አግኝተው አነጋገሩት፤ ጃፓናዊው ካቶሊክ ሹሳኩ ኤንዶ የጻፈውንም መጽሐፍ ሰጡት። ስኮርሴዚ መጽሐፉን ፊልም እስኪያደርገው ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ተሸክሞት ኖረ። «ሳይለንስ»፣ ማለትም «ዝምታ»፣ በ2016 ወጣ።

ታሪኩ በ17ኛው መቶ ዘመን በጃፓን ይፈጸማል። ክርስቲያኖች የጌታን ምስል በእግራቸው እንዲረግጡ ይገደዳሉ፤ እምቢ ያለ ይሠቃያል። ከእነርሱ መካከል ኪቺጂሮ የሚባል ሰው አለ። ይክዳል፣ እያለቀሰ ወደ ቄሱ ተመልሶ ንስሐ ይገባል፣ ደግሞ ይክዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። ቄሱ ይሰለቸዋል፤ ተመልካቹም ይሰለቸዋል። ጴጥሮስ ሰባት ጊዜ ብሎ ሲጠይቅ ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ያለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ለኛ ለኢትዮጵያ ወንጌላውያን ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በደርግ ዘመን መፈክር አናሰማም ያሉ አማኞች ታሰሩ፣ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የጸኑትን ምስክርነት በየጉባኤው ሰምተናል፤ ይገባቸዋልም። ፈርተው እጃቸውን ያነሡትና በኋላ የተመለሱትስ? እነርሱን መድረክ ላይ ጠርቶ፣ «እግዚአብሔር እንዴት መለሰህ?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ፊልሙ ክርስቶስ ራሱ ቄሱን ምስሉን እንዲረግጥ እንደፈቀደለት አድርጎ ማቅረቡን ግን አንቀበልም። መካድን ፍቅር ብሎ መሰየም ለደካማው ሰው ወጥመድ ነው። ጌታ ጴጥሮስን በባሕር ዳር ሲያገኘው «ደግ አደረግህ» አላለውም፤ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ በጎቹንም አደራ ሰጠው።

የወጣት መሪዎች «ሳይለንስ»ን ለበሰሉ ወጣቶች ማሳየት ቢፈልጉ አንከለክልም። የሥቃይ ትዕይንት ስላለበት ለልጆች አይሆንም። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ነውና በጊዜ ጀምሩ፤ ሲያበቃም ዮሐንስ 21ን አብራችሁ አንብቡ። ስለ ኪቺጂሮ አጥብቆ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ቶሎ መልስ አትስጡት። ስለ ራሱ እየጠየቀ ሊሆን ይችላልና ከሌሎቹ ለይታችሁ አነጋግሩት።