ቀነኒሳን ፓሪስ ላይ ያሸነፈው ዕድሜ ነው ወይስ ድካም?

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ሲጠናቀቅ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሁለት የተለያየ ታሪክ ይዘው ገቡ። በጉዳት የወጣውን ሲሳይ ለማን ተክቶ የተሰለፈው ታምራት ቶላ በ2፡06፡26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አጠለቀ። የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ንጉሥ የነበረው ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ በ2፡12፡24 39ኛ ሆነ። ቀነኒሳ ያኔ 42 ዓመት ከሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ የደጋፊ ፍርድ አንድ ነው፤ "አርጅቷል፣ ይብቃው!" የኳስ አፍቃሪው ይህን ቃል ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሠላሳ አምስትን ያለፈ አማካይ አንድ ኳስ ሲያመልጠው ከየካፌው የሚሰማው ይኸው ነው። ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው? ዕድሜ ብቻውን ጥፋተኛ ከሆነ፣ ያው ሰው ከአራት ወር በፊት ለንደን ላይ ያደረገውን ምን ልንለው ነው?

ሦስት ማራቶን በአንድ ዓመት

ቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ቀነኒሳ ቫሌንሲያ ላይ 2፡04፡19 ሮጦ አራተኛ ወጣ። ሚያዝያ 13 ቀን ለንደን ላይ 2፡04፡15 በመግባት ኬንያዊውን አሌክሳንደር ሙቲሶን ተከትሎ ሁለተኛ ሆነ፤ ልዩነታቸው 14 ሰከንድ ብቻ። ሰዓቱ ያኔ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆነ ሯጮች ሁሉ የዓለም ፈጣኑ ነበር። ከዚያ ነሐሴ 4 ቀን ፓሪስ። ሦስቱም በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ የተሮጡ ናቸው።

ቁልፉ ያለው በመካከላቸው ባለው ጊዜ ነው። ከቫሌንሲያ እስከ ለንደን 20 ሳምንት አለ። ከለንደን እስከ ፓሪስ ግን 16 ሳምንት እንኳን አይሞላም። ከማራቶን በኋላ ለማገገም አራት ሳምንት፣ ከሚቀጥለው ውድድር በፊት ልምምድ ለመቀነስ ሦስት ሳምንት ቢወሰድ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ለጠንካራ ልምምድ 13 ሳምንት ይተርፋል። በሁለተኛው የሚተርፈው ዘጠኝ ያህል ነው። የ25 ዓመት ልጅ ይህችን ዘጠኝ ሳምንት አብቃቅቶ ሊወጣት ይችል ይሆናል። ለ42 ዓመት ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ወደ ቬርሳይ የሚወስደው ዳገት ደግሞ ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ጨክኖ ያስከፍላል። ዳገቱን ያልቻለው ቀነኒሳ ብቻ አልነበረም። የ39 ዓመቱ ኤሊውድ ኪፕቾጌ ጭራሽ ውድድሩን አቋርጦ ወጥቷል። ቀነኒሳ ቢያንስ መስመሩን ረግጧል።

እንግዲህ ለንደንና ፓሪስ የሚነግሩን ይህንን ነው። በ41 ዓመት ፍጥነቱ አለ፤ ያጠረው ድካምን ከሰውነት ማውጫ ጊዜ ነው።

ዕድሜ የሚወስደውና የማይወስደው

ታሪክም ከዚህ ጋር ይስማማል። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 ወርቅ ሲያጠልቅ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ አመጣ። ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በ37 ዓመቱ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱ ሮተርዳም ላይ 2፡07፡12 በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ 2፡03፡59 ሲገባ 35 ዓመቱ ነበር። ያው ኃይሌ ግን ሁለት ዓመት ቆይቶ ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱ እንቢ ብሎት አቋረጠ፣ "በቃኝ" አለ፣ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ሙሉ በሙሉ የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው የታወቀ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ልብ በደቂቃ ልትመታ የምትችለው ከፍተኛ ቁጥር ይቀንሳል። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙም እንዲሁ፤ ልምምድ የማያቋርጥ ሰው ላይ ግን መቀነሱ በጣም ይዘገያል። ጡንቻ ይሳሳል፣ ጅማት ይደርቃል። ከሁሉም በላይ ሩጫው የሚያደርሰውን ጥቃቅን ጉዳት ሰውነት የሚጠግንበት ጊዜ ይረዝማል። በ25 ዓመት በማግስቱ የሚለቅ ድካም በ43 ዓመት ሦስተኛ ቀን ላይም እግር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይገኛል።

የሻምፒዮንስ ሊግ ሌሊትና የንጋት ሩጫ

ይህ ለምን የኳስ ደጋፊውን ይመለከተዋል? ምክንያቱም ዛሬ በየንጋቱ መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጣውና የሚወርደው፣ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ የሚያቀናው ብዙ ጎልማሳ የኳስ ሰው ነው። በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ጀምሮ፣ ግማሽ ማራቶን ቀምሶ፣ አሁን "42ቷን ካልሮጥኩ" የሚል ሞልቷል። ከዚያ ሁለት ወር ይለማመድና "ምን ሆኜ ነው እንዲህ የሚደክመኝ?" ይላል።

መልሱ ብዙ ጊዜ ከሩጫው ውጪ ነው። በክረምቱ የአውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምርና ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ይህን አይቶ ንጋት 11 ሰዓት ለሩጫ የሚነሳ ሰው የተኛው አራት ሰዓት ነው። ጡንቻ የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ሮጦ ጠንካራ ሆነ ሳይሆን ሮጦ ተጎዳ ማለት ይቻላል። ማክሰኞና ረቡዕ ጨዋታ የሚያይ፣ ሐሙስ ከባድ ልምምድ ባይዝ ይሻለዋል። መርሐ ግብሩን ከኳሱ ጋር ማስታረቅ ምንም ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። እዚያ ላይ "ቀላል ሩጫ" የሚባለው ቀላል አይደለም። መለኪያው አንድ ነው፤ ከጎን ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራ መሮጥ ካልቻለ ፈጥኗል። የጎልማሳ ሯጭ ትልቁ ስህተት ቀላሉን ቀን ከባድ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ከባዱ ቀን ሲመጣ እግር ባዶ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ከባድ ቀን፣ በመካከላቸው እረፍት ወይም ዝግ ያለ ሩጫ ይበቃል። ሦስት ሳምንት ጨምሮ አራተኛውን መቀነስም ያዋጣል።

ሦስተኛው ምግብ ነው። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያጠራቅመው ስኳር የሚያደርሰው 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ እግር ሲሚንቶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ረጅሙን ሩጫ በባዶ ሆድ ወጥቶ እስከ እኩለ ቀን ሳይበላ የሚቆይ ሰው የሳምንቱን ድካም በገዛ እጁ ይጋብዛል። በፆም ወራትም ቢሆን በሶ፣ ሹሮ፣ ምስርና ባቄላ አሉ። ችግሩ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ማነሱና ሰዓቱ ነው። ፆሙን በሰዓቱ የሚጠብቅ ደግሞ ረጅሙን ሩጫ ወደሚበላበት ሰዓት ማስጠጋት ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትን መቁጠር ምንም ወጪ የለውም። ለተከታታይ ቀናት ከተለመደው ከፍ ካለ ሰውነት አላገገመም ማለት ነው። እረፍት ተወስዶም የማይለቅ ድካም ግን የልምምድ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የደም ማነስ፣ ስኳር ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር እንዲሁ ያደክማል። ደረት ላይ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ካለ ደግሞ ወኔ አይጠየቅም፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ከአርባ በኋላ ማራቶን የሚያስብ ሰው ልምምዱን ሳይጀምር ቢመረመር ደግ ነው።

ራስን ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ

ኳሱ ራሱ ይህን ትምህርት ሰጥቷል። ሪያን ጊግስ እስከ 40 ዓመቱ ማንቸስተር ዩናይትድ የተጫወተው በየጨዋታው ስለገባ አይደለም። አሌክስ ፈርጉሰን መቼ እንደሚያሳርፉት ስላወቁ ነው። ፖል ስኮልስ ጫማ ሰቅሎ በ37 ዓመቱ ሲመለስም የተያዘው እንዲሁ በቁጠባ ነው።

ከማራቶን ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ሉዊስ ኤንሪኬ ነው። በ2025 ፒኤስጂን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው አሰልጣኝ ከባርሴሎና ተጫዋችነቱ የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጠ። በ2006 አምስተርዳም ላይ 3፡14 ገባ። በ2007 በ37 ዓመቱ ፍሎረንስ ላይ ከሦስት ሰዓት በታች ሮጠ። ካምፕ ኑ ላይ ሲሮጥ የኖረ ሰው እንኳን ከሦስት ሰዓት በታች ለመግባት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። በስምንት ሳምንት ሊጨርሰው የተነሳ የቢሮ ሠራተኛ ይህን ቢያስብበት አይከፋም።

ልዩነቱ ይህ ነው። ጊግስ ፈርጉሰን ነበሩት። ብቻውን የሚሮጥ ጎልማሳ ግን ተጫዋቹም አሰልጣኙም እሱው ነው። ተጫዋቹ ሁሌ "ልግባ" ይላል። ቡድኑን የሚያድነው አሰልጣኙ "ዛሬ ቁጭ በል" ማለት ሲችል ነው። ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 14 ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣውና ፓሪስ ላይ 39ኛ የሆነው አንድ ሰው ነው። መሐሉ ላይ ያጠሩትን ጥቂት ሳምንታት ቆጥሮ የሚማር ሯጭ፣ ማራቶኑን ሳይጀምር ግማሹን ጨርሷል።