ያረጀ ስልክ እስከ ምን ድረስ ይታመናል?

አንባቢ ሆይ! በኪስህ ያለው ስልክ ዕድሜው ስንት ነው? አራት ዓመት? ስድስት? ወይስ ታላቅ ወንድምህ አዲስ ሲገዛ ለአንተ ያሳለፈልህ ነውና የልደቱን ዘመን አታውቀውም? መስታወቱ ተሰንጥቆ፥ ባትሪው ከቀትር በፊት እያለቀ፥ አንድ ገጽ ለመክፈት ሻይ የሚያስጠጣ ጊዜ እየወሰደ አስቸግሮህ ይሆናል። የቢሮ ባልደረቦችህ ወይም የዶርም ጓደኞችህም «ይህንስ ለሙዚየም አስረክበው» እያሉ ይቀልዱብህ ይሆናል።

በዚህ ማፈር አይገባህም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስልክ ደግሞ እዚሁ አገር ቢገጣጠም እንኳ ክፍሎቹ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ደመወዙን ለቤት ኪራይ፥ ለታክሲና ለቀለብ የሚያካፍል ጀማሪ ሠራተኛ፥ ወይም ወላጆቹ በሚልኩለት ጥቂት ብር የሚማር ተማሪ፥ ለታይታ ብሎ በዱቤ አዲስ ስልክ ቢገዛ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት መምሰሉ ነው። ነገር ግን ቁጠባም ወሰን አለው። ስልክ በሦስት በኩል ያረጃል፤ ሁለቱን እርጅና ልታክመው ትችላለህ፤ ሦስተኛውን ግን አትችልም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ሦስቱ ነው።

አስቀድመን ግን ለአሮጌው የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ከስምንትና ከዐሥር ዓመት በፊት ከተሠሩት ስልኮች ብዙዎቹ፥ ዛሬ ውድ በሆኑት አዳዲሶች ላይ የማይገኝ ነገር አላቸው። ሚሞሪ ካርድ ይቀበላሉ፤ የኤርፎን ቀዳዳ አላቸው፤ የኤርፎኑንም ሽቦ እንደ አንቴና ተጠቅመው ያለ ኢንተርኔትና ያለ ክፍያ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ያሰማሉ። የአንዳንዶቹም ጀርባ በጥፍር ተከፍቶ ባትሪው ያለ ባለሙያ ይለወጣል።

የመጀመሪያው እርጅና የባትሪ ነው። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር ኀይል የመያዝ ዐቅሙን በጥቂት በጥቂቱ ያጣል። ብዙዎቹ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ከተሞሉ በኋላ ከመጀመሪያ ዐቅማቸው 80 በመቶ ያህል እንዲቀራቸው ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ይህም በየቀኑ ለሚሞላ ሰው ከዓመት ከመንፈቅ ያነሰ ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ ያረጀ ባትሪ ብዙ ኀይል በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ይዝላል፤ 20 በመቶ እያሳየ ካሜራ ስትከፍት ድንገት ድርግም የሚለው ስለዚህ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ ይህን ድንገተኛ መጥፋት ለመከላከል የአሮጌ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 2017 አምኖ ይቅርታ ጠይቋል፤ የባትሪ መለወጫውንም ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አድርጓል። ከዚህ የምንረዳው፥ የተንቀራፈፈ ስልክ ሁሉ የሞተ አለመሆኑን፥ አንዳንዱንም አዲስ ባትሪ ብቻ የሚያድነው መሆኑን ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ባትሪህን ከሙቀት ጠብቀው። ትራስ ሥር አድርገህ ቻርጅ አታድርግ፤ ፀሐይ ላይም አትተወው። «ዜሮ እስኪገባ ጨርሰህ ሙላው» የሚለው ምክር የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ምክር ነው፤ ሊቲየም ግን በ20ና በ80 በመቶ መካከል ሲውል ይበልጥ ይከርማል። የስልኩን ጀርባ አብጦ ካየኸው ግን ቁጠባውን ተወው። አትጫነው፥ አትውጋው፥ ቻርጅም አታድርገው፤ በዚያው ቀን ባለሙያ ያውጣልህ፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

ሁለተኛው እርጅና የማከማቻው ነው። ስልክ ጢም ብሎ ሲሞላ፥ አዲስ ነገር ለመጻፍ ባዶ ቦታ ማሰናዳት ስለሚያደክመው ይዘገያል። በየቴሌግራም ቻናሉ የከፈትከው ፎቶግራፍ፥ ቪዲዮና የትምህርት ጽሑፍ ሁሉ ግልባጩ በስልክህ ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃለህን? ከቴሌግራሙ ሴቲንግ ውስጥ የዳታና የስቶሬጅን ክፍል ከፍተህ፥ ካሽ የተባለውን አጥፋ። ዋናው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቆይ፥ ያስፈለገህን ዋይፋይ ባገኘህ ጊዜ እንደ ገና ታወርደዋለህ። ከማከማቻውም ዐሥር እጅ አንዱን ዘወትር ባዶ አድርገህ ያዝ። ይህ ሕክምና አንድ ሳንቲም አያስወጣህም።

ሦስተኛው እርጅና በዐይን አይታይም። ስልክ የሚሠራበት ሶፍትዌር በየጊዜው ቀዳዳ ይገኝበታል፤ ሌባም በዚያ ይገባል። ሠሪው ኩባንያ ቀዳዳውን የሚደፍን አፕዴት የሚልከው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው። ባለፉት ዓመታት ከተሸጡት ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት፥ አንዳንዶቹም ከዚያ ያነሰ ጊዜ አግኝተዋል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ጉግል በ2023፥ ሳምሰንግም በ2024 ለከፍተኛ ስልኮቻቸው የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል፤ የአውሮጳ ኅብረት ሕግም ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በዚያ ለሚቀርቡ አዳዲስ የስልክ ዐይነቶች፥ ሽያጫቸው ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት አፕዴት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ በኪስህ ላለው አሮጌ ስልክ ግን አይደርስለትም። የአንተ ስልክ የት ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ፥ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የአንድሮይዱን የደኅንነት አፕዴት ቀን ተመልከት። ቀኑ ዓመታት ያለፉት ከሆነ ስልክህ በሩ ሳይዘጋ የሚያድር ቤት ነው።

«እኔ ምን ምስጢር አለኝ?» ትል ይሆናል። ምስጢር ባይኖርህ ደመወዝ አለህ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፥ ባንኮችም አፓቸውን ካስፋፉ ወዲህ፥ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ድሮ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ያጣው ስልኩን ነበር፤ ዛሬ ግን ስልኩ በእጁ እያለ ገንዘቡ ሊያልቅ ይችላል። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ የባንኩ አዲስ አፕ ባረጀው ስልክ ላይ አልጫን ሲል፥ ባለቤቱ ከማያውቀው ቻናል አንድ ቅጂ አውርዶ ይጭናል። ይህ የቤትን ቁልፍ ለአላፊ አግዳሚ እንደ ማስረከብ ነው።

ታዲያ አዲስ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ሥራውን ለሁለት ይክፈለው። አፕዴት የተቋረጠበትን ስልክ ለማንበቢያ፥ ለመዝገበ ቃላት፥ ለሬዲዮና ለፎቶግራፍ አቆየው፤ የባንኩን አፕ ግን ከላዩ አጥፋ። ገንዘብህ የተመዘገበበትን ሲም ካርድ አውጥተህ በርካሽ ባለቁልፍ ስልክ ውስጥ አስገባ። ቴሌብር በ*127#፥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ*889# ያለ አፕና ያለ ኢንተርኔት ያስተናግዱሃል። ባለቁልፉ ስልክ ከቴሌግራም የመጣ ሐሰተኛ አፕ አይጭንም፤ ባትሪውም ለቀናት ይቆያል። የምስጢር ቁጥርህን ግን በስልክ ለሚጠይቅህ ለማንም አትንገር፤ ያንን ቀዳዳ የሚደፍን ስልክ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ብር አጠራቅመህ አዲስ ወይም ያገለገለ ስልክ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣህ ዕለት ደግሞ፥ «ካሜራው ስንት ነው?» ከማለትህ በፊት «አፕዴቱ እስከ መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ሻጩ ባያውቅ የስልኩን ዐይነት ጽፈህ ያዝና ከሠሪው ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ ራስህ ተመልከት። አንድ ቀን ዘግይተህ ብትገዛ የምታጣው ነገር የለም።

እስከዚያው ድረስ ግን ጓደኞችህ በተሰነጠቀው መስታወትህ ቢስቁ ይሳቁ። አሮጌ ዕቃ መያዝ ነውር አይደለም፤ የማይችለውን አደራ ማሸከም ነው ጥፋቱ።