ስለ ሲሊከን፤ ማለት በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ስላለው ንጥረ ነገርና ስለሚሠራው ሰው

ሰው ዘወትር የሚረግጠውን ነገር ዘወትር ይንቀዋል። ወርቅና ብር በድካም ስለሚገኙ በሣጥን ይቈለፍባቸዋል፤ አሸዋና ጭቃ ግን በደጃችን ስላሉ ማንም አይቈልፍባቸውም። ነገር ግን በየቤታችን ያለውን ዕቃ ከምጣዱ እስከ መስኮቱ፥ ከብርሌው እስከ እጅ ስልኩ ድረስ አንድ በአንድ ብንመረምር፥ የብዙው መሠረት ይኸው የናቅነው አሸዋና ጭቃ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ስላለው ሲሊከን ስለሚባለው ንጥረ ነገር፥ ስለሚሰጠው ጥቅምና ስለሚያደርሰውም ጉዳት ለቤተ ሰብ የሚበጀውን ያህል እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት የአገራችን መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከምድር ቅርፊት ክብደት ከመቶው 46 ያህሉ ኦክሲጅን፥ 28 ያህሉ ደግሞ ሲሊከን ነው። ይህን ያህል የበዛ ሆኖ ሳለ ሲሊከን ብቻውን በምድር ላይ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ዘወትር ከኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ ይኖራልና። የሁለቱ ውሕደት ሲሊካ ይባላል፤ አብዛኛው አሸዋና ቢላዋ የማይጭረው ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ከዚህ የተሠሩ ናቸው። ስሙ ሲሌክስ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ባልጩት ማለት ነው። ከኦክሲጅን ለይቶ በማውጣቱ የሚመሰገነው የስዊድን ሊቅ ዮንስ ያኮብ በርዜሊዩስ ነው፤ ይህንንም ያደረገው በ1824 ነው።

የአገራችን ሰው ግን ስሙን ሳያውቅ ጥቅሙን ያውቅ ነበር። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ገደሞታ በሚባለው ስፍራ ከጥቁር ባልጩት የተሠሩ፥ ከ270 ሺሕ ዓመት በላይ የሆናቸው ስለታም መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ይህ ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚሆን የተፈጥሮ መስተዋት ነው፤ ከመቶው 70 የሚያህለው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሲሊካ ነው። በደቡብ አገራችን ያሉ አንዳንድ ቆዳ ፋቂዎችም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ቆዳ ሲፍቁበት ኖረዋል።

ከባልጩት ቀጥሎ የምናየው ሸክላ ነው። የሸክላ ጭቃ በአብዛኛው ሲሊከን፥ አሉሚኒየምና ኦክሲጅን ከውሃ ጋራ የተዋሐዱበት ነው። ሸክላ ሠሪዋ ድስቱን ወይም ምጣዱን አበጅታ በእሳት ስትተኵሰው፥ እሳቱ በፀሓይ ሊደርቅ የማይችለውን፥ ከጭቃው ጋራ የተዋሐደውን ውሃ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ውሃ ቢነካው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። እንጀራ የምንበላው በዚህ ጥበብ ነው። ጥበቡን የያዙት ሴቶች ግን በብዙ ስፍራ ሲናቁ መኖራቸውን ማንም የሚያውቀው ነው፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

መስተዋትም የአሸዋ ልጅ ነው። አሸዋ ብቻውን እንዲቀልጥ 1,700 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ ሶዳ ሲጨመርበት ግን በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል። ሶዳ ብቻውን የገባበት መስተዋት ውሃ ስለሚያሟሟው ኖራ ይጨመርበታል። እንግዲህ ጠጅ የምንጠጣበት ብርሌና የመስኮታችን መስተዋት አሸዋ፥ ሶዳና ኖራ ናቸው ማለት ነው።

የቤት እመቤቶች ስለ መስተዋት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የፈላ ሻይ በቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ በድንገት ቢፈስስ፥ የውስጡ ገጽ ቶሎ ሞቆ ሲሰፋ የውጭው ገና ቀዝቃዛ ነውና ብርጭቆው ይሰነጠቃል። ሰው ሁሉ ወፍራሙ ብርጭቆ የሚበረታ ይመስለዋል፤ ሙቀት ግን በወፍራሙ ውስጥ ለማለፍ ስለሚዘገይ ቶሎ የሚሰነጠቀው እርሱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በለብታ ውሃ ማሞቅ ይገባል። የጀርመኑ ሊቅ ኦቶ ሾት በ1880ዎቹ ዓመታት ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር የገባበትንና ድንገተኛ ሙቀትን የሚችል መስተዋት ሠርቷል፤ በእሳት ላይ የሚጣዱትና በሐኪሞች ቤት የሚታዩት ብዙዎቹ የመስተዋት ዕቃዎች ከዚህ ወገን ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት ነገሮች በአጭር ቃል እንናገር። አንደኛው ሲሊኮን ነው፤ ስሙ ሲሊከንን ይመስላል እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም። ሲሊኮን ሰው ሲሊከንና ኦክሲጅንን እንደ ሰንሰለት አያይዞ ካርቦንና ሃይድሮጅን ጨምሮ የሚሠራው፥ እንደ ጎማ የሚለመጥና ሙቀት የሚችል ነገር ነው፤ የሕፃናት ጡጦ ጫፍና የኬክ መጋገሪያ ቅርጽ ይሠራበታል። ሁለተኛው ከአዲስ ጫማ ወይም ከመድኃኒት ዕቃ ጋራ የሚገኘው፥ ትንንሽ ፍሬዎች ያሉበት ከረጢት ነው። በውስጡ ያለው በብዙው ሲሊካ ሲሆን ሥራውም እርጥበትን መጠጣት ነው። እርሱ ራሱ መርዝ ባይሆንም ሕፃን ቢውጠው ሊያንቀው ይችላል፤ አንዳንዱም መርዝነት ባለው ቀለም የተነከረ ስለ ሆነ ከሕፃናት እጅ ይራቅ።

አሁን ወደ ንጹሑ ሲሊከን እንምጣ። ንጹሕ ኳርትዝ ከከሰል ጋራ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ 2,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲነድድ፥ ከሰሉ ኦክሲጅኑን ይወስድና ሲሊከኑ ግራጫ ብረት መስሎ ይቀራል። ይህ ከመቶው 98 ወይም 99 ያህል ንጹሕ ነው፤ ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ግን አይበቃም። ስለዚህ ወደ ጋዝ ተለውጦ እንደ ገና ይጣራል፤ በመጨረሻውም ከ1,000 ሚሊዮን ቅንጣት ውስጥ ባዕድ የሚሆነው ከአንድ የማይበልጥ እንዲሆን ይደረጋል። ጤፍ ለምታንጓልል ሴት ይህን ለማስረዳት አይቸግርም፤ 1,000 ሚሊዮን የጤፍ ፍሬ ሦስት ኩንታል ያህል ይመዝናልና፥ በሦስት ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት እንክርዳድ ብቻ እንደ ማስቀረት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ያለ ምክንያት አይደለም። ንጹሕ ሲሊከን ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም፤ ቦሮን ወይም ፎስፎረስ በጥቂቱ ሲገባበት ግን ያሳልፋል። እንግዲህ ሰው የሚያስገባውን ባዕድ ነገር መጥኖ፥ ኤሌክትሪክ በፈለገው መንገድ እንዲያልፍና በፈለገው ስፍራ እንዲቆም ለማድረግ ይችላል። በእጅ ስልካችን ውስጥ ጥፍር የምታህል የሲሊከን ቅንጣቢ አለች፤ በእርስዋም ላይ ኤሌክትሪክን የሚከፍቱና የሚዘጉ በሺሕ ሚሊዮን የሚቈጠሩ በሮች አሉ። እንዲሁም በ1954 ቻፒን፥ ፉለርና ፒርሰን የሚባሉ ሦስት የአሜሪካ ሊቃውንት በቤል ቤተ ሙከራ፥ ከፀሓይ ብርሃን ከመቶው 6 ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሲሊከን ሰሌዳ አሳዩ። ዛሬ ከመቶው 20 የሚለውጡ ሰሌዳዎች በገበያ ይገኛሉ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት የገጠር ቤትም ልጆች በዚህ ብርሃን ያጠናሉ።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩ ሌላ ጠባይ አለው። ሲሊካ በቅልጡ ብርሌ፥ በሙሉነቱም ድንጋይ ሆኖ ሳለ ማንንም አይጎዳም፤ ትቢያ ሲሆን ግን ይገድላል። ኳርትዝ ያለበት ድንጋይ ሲቈረጥ፥ ሲፈለጥና ሲፈጭ ከሚሊሜትር መቶኛ የሚያንስ፥ ዓይን የማያየው ትቢያ ይወጣል። ይህም እስከ ሳምባ ጥልቅ ገብቶ አይወጣም፤ ሳምባው እየቈሰለ ይጠነክርና እስትንፋስ ያጥራል። ሕመሙ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የቈሰለውን ሳምባ የሚመልስ መድኃኒት የለውም፤ የሳምባ ነቀርሳንም ይጠራል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የጀርመኑ ሊቅ ጌኦርግዮስ አግሪኮላ በ1556 በታተመው መጽሐፉ፥ በካርፓትያ ተራሮች በትቢያው ምክንያት ሰባት ባሎቻቸው ተራ በተራ የሞቱባቸው የማዕድን ቆፋሪ ሚስቶች መኖራቸውን ጽፏል። በ1930ና በ1931 በአሜሪካ በዌስት ቨርጂንያ ሆክስ ኔስት በሚባለው ስፍራ ለውሃ መተላለፊያ ተራራ ሲቦረቦር፥ ሲሊካ የበዛበት ድንጋይ በደረቁ ስለ ተቦረቦረ በመቶ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። በዘመናችንም አውስትራሊያ ከተፈጨ ኳርትዝና ከሙጫ የሚሠራውን የወጥ ቤት ገበታ ድንጋይ ከሐምሌ 2024 መጀመሪያ ጀምሮ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ድንጋዩን የሚቈርጡ ጐልማሶች ገና በወጣትነታቸው ታምመዋልና።

በአገራችንም ድንጋይ የማይጠረብበት ከተማ የለም። ትቢያውን ለመከላከል የሚያስፈልገው ግን ብዙ ወጪ አይደለም። ድንጋይ ሲቈረጥ ውሃ ይፍሰስበት፤ እርጥብ ትቢያ አይበንንምና። ሠራተኛው ትቢያውን የሚያጣራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ አፍን በጨርቅ ማሰር ብቻ አይበቃም። በደረቁ መጥረግ ይቅር። የሥራ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤት አይግባ፤ ሚስት ታጥበዋለችና፥ ልጆችም ያቅፉታልና። በቤትም ወፍጮ ሲወቀር በደጅ ድንጋዩን አርሶ ይሁን፤ ሸክላ ሠሪዋም ደረቁን ጭቃ ስትወቅጥና ስትነፋ ነፋሱን ወደ ኋላዋ ታድርግ።

እኛ በጽሕፈት ሥራ የኖርን ሰዎች ብዙ የቤት ሥራ ውል ሲጻፍ እናያለን። ዋጋው ይጻፋል፤ ሥራው የሚያልቅበት ቀን ይጻፋል፤ ቢዘገይ የሚከፈለው መቀጫ ይጻፋል፤ ዋሱም ይፈርማል። የድንጋይ ጠራቢው እስትንፋስ ግን በማንኛውም ቍጥር አይጻፍም። ይህ ስለ ምን ሆነ ብለን ብንጠይቅ፥ ሥሩ ሸክላ ሠሪዋን የናቅንበት ንቀት ነው፤ የእጅ ሥራን የናቀ ሰው ለሠሪው ሳምባ አይጨነቅምና። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአገራችን አቈጣጠር በ1900 ዓመተ ምሕረት ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪው፥ ሸማኔው፥ ቆዳ ፋቂውና ጸሓፊውም በሥራው እንዳይሰደብ ከልክለው ነበር። ስድቡ በዐዋጅ ተከለከለ፤ ቸልታው ግን አልተከለከለም።

ስለዚህ ቤት የምታሠሩ፥ መንገድ የምታስጠርቡና ሥራ የምታዝዙ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በሚቀጥለው ውላችሁ ላይ ይህችን አንድ ቍጥር ጨምሩ፤ «ድንጋዩ በውሃ እየራሰ ይቈረጣል፤ የአፍንጫ መሸፈኛውንም አሠሪው ይሰጣል» ብላችሁ አስጽፉ። የውሃው ዋጋ ከዘገየው ቀን መቀጫ ያንሳል። አሸዋ መስተዋት ሆኖ ያበራልን፥ ድንጋይም ቤት ሆኖ ያስጠለለን በሰው እጅ ነውና፥ ቤቱ ቆሞ ሠሪው እንዳይወድቅ መጠንቀቅ የአሠሪው ዕዳ ነው።