ቀፎ መቁጠር ንብ መመዝገብ አይደለም

በአገራችን የንብ ሀብት የሚለካው በቀፎና በማር ነው። የግብርና ናሙና ጥናት ባህላዊ፣ የሽግግርና ዘመናዊ ቀፎ ስንት እንደሆነና ስንት ማር እንደተቆረጠ ይነግረናል፤ ድሬዳዋም የምትሰፈረው በዚሁ መስፈሪያ ነው። ቀፎ የማትገባ ንብ በዚህ ሰነድ ውስጥ ቦታ የላትም። በዓለም ላይ በሳይንስ የተገለጹ የንብ ዝርያዎች ግን ከ20,000 በላይ ናቸው፤ የቀፎዋ ንብ ከነዚህ አንዷ ብቻ ናት። አብዛኞቹ መንጋም ንግሥትም የላቸውም። እያንዳንዷ እናት ብቻዋን አፈር ቆፍራ ወይም ደረቅ እንጨት ቦርቡራ፣ የአበባ ዱቄት ቋጥራ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። እነዚህን ሳይመዘግቡ የንብ ሀብታችንን እናውቃለን ማለት ትክክል አይደለም።

ችሎታው የለንም እንዳይባል፣ በቀፎዋ ንብ ላይ የተደረገው ምርምር የሚያኮራ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያን የማር ንብ በአምስት ንዑስ ዝርያ ከፈሏት፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክስነርና ሌሎች ተመራማሪዎች ሲሜንሲስ በሚባል በአንድ ንዑስ ዝርያ መጠቅለል ይሻላል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ የቆመው በክንፍ ርዝመት፣ በክንፍ ሥር አቀማመጥ፣ በመሳሰሉት ጥቃቅን ልኬቶች ላይ ነው። ለአንዲት ዝርያ ይህን ያህል የተጠነቀቀ አገር ለሌሎቹ መዝገብ መክፈት እንዴት ያቅተዋል? ማሯ ለመድኃኒት የሚፈለገው ጣዝማ እንኳ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው በ1879 እ.ኤ.አ. ግሪቦዶ ከተባለ ጣሊያናዊ ነው። ማር የማትሰጠዋማ ከመዝገብ ይበልጥ ትርቃለች።

«መጀመሪያ ሰው ይብላ፣ ማሩም ገቢ ያምጣ» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ መልሱም ያለው ማሳው ላይ ነው። የቲማቲም አበባ ዱቄቱን በጠባብ ከረጢት ውስጥ ይዞ በጫፉ ቀዳዳ ብቻ ይለቅቃል። የማር ንብ አበባውን አንቀጥቅጣ ዱቄቱን ማራገፍ አትችልም። እንጨት የምትቦረቡረው ትልቋ ጥቁር ንብና ሌሎች የዱር ንቦች ግን የደረት ጡንቻቸውን አርገብግበው ያራግፉታል። ነፋስም ያግዛል፤ ሆኖም ንብ የጎበኘው አበባ የተሻለ ፍሬ ይይዛል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የአበባ ዘር አዳቃዮች ግምገማ ከዋና ዋና የምግብ ሰብሎች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በተወሰነ ደረጃ በእንስሳት የአበባ ዘር ርክክብ እንደሚጠቀሙ ገልጿል። ስለዚህ የዱር ንብን መመዝገብ የቲማቲምና የሐብሐብ አምራቹም ጉዳይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የባለሙያ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ ግን ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ማየት ይቻላል። ንቧን በመረብ ይዞ በመርፌ ሰክቶ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ያረፈችበትን አበባና ከፍታውን መጻፍ የሠለጠነ ተማሪ ሥራ ነው፤ ዝርያውን መወሰን ለባለሙያው ሊቆይ ይችላል። በደንብ የተያዘ ናሙና መቶ ዓመትም ይጠብቃል። በስልክ ፎቶ ይበቃል የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ ብዙዎቹን ትናንሽ ንቦች በማይክሮስኮፕ ካልሆነ መለየት አይቻልም። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች አጠገባችን ናቸው። ቦታው ራሱ ለጥናት ይጋብዛል፦ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መንገዱ ወደ ደንገጎ ሲወጣ በአጭር ርቀት ቆላው ወደ ደጋ ይለወጣል፤ ንቦቹም አብረው ይለወጣሉ ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው ግንባታው ነው። ከሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ በኋላ የደቻቱን ወንዝ ዳርቻ በግንብ መከላከል ሕይወት የማዳን ሥራ ነበር፤ በ2014 የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠናም ለከተማዋ ሥራ ያመጣል። ሁለቱንም አልቃወምም። ነገር ግን መሬት ቆፍረው እንቁላል የሚጥሉ ንቦች የሚፈልጉት ያልታረሰ፣ ያልተነጠፈ አፈርና የወንዝ ዳር አሸዋ ነው፤ ኮንክሪት የሚፈሰውም እዚያው ላይ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በከተማዋ ለሚቀርብ ለእያንዳንዱ ትልቅ ፕሮጀክት ግምገማው ቦታው ላይ በአበባ ወቅት የተሰበሰበ የንብ ናሙና ይጠይቅ፤ ናሙናውም ለዩኒቨርሲቲ ይሰጥ። ሥራው ከመሬት ጠረጋው በፊት መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበሰብ ነገር አይኖርም።