አንድ ዓይና አገር

«አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም» ይላል ተረታችን። ተረቱ ለሰው ቢነገርም ለአገርም ይሆናል። በአንድ ፍሬ ገበያ ብቻ የምታይ አገር፥ ያ ገበያ በጨለመ ቀን ትታወራለችና።

በ1981 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ለየአገሩ የሽያጭ ድርሻ መመደቡን ባቋረጠ ጊዜ፥ የቡና ዋጋ ወደቀ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ሸጣ ከምታገኘው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ከቡና ይገኝ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ዋጋው ዳግመኛ እጅግ ቢዘቅጥ፥ አንዳንዱ የሐረርጌ ገበሬ የአባቱን ቡና ነቅሎ ጫት ተከለ። ስንፍና ነውን? አይደለም፤ ዋጋው የሚቆረጠው በኒውዮርክና በለንደን ነውና።

«ቡና እግዚአብሔር የሰጠን ጸጋ ነው፤ ድኻ አገር የምድሯን ፍሬ ሸጣ ትኑር እንጂ፥ በጥበብ ከባለጸጎች ጋር መፎካከር ምን አቅም አላት?» የሚሉ አሉ። ጸጋነቱን አንክድም። ለቀረው ግን ልደታ ትመልስ።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ አይሮፕላን ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። አዲስ አበባ ከጠላት እጅ ነጻ ከወጣች ገና አምስት ዓመት ያህል ነበር። አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጁም ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ፤ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ግን በሥራ አስኪያጅነት ወንበር ኢትዮጵያዊ ተቀመጠ። ድኻ አገር ጥበብን እንደ ሰብል ዘርታ አጨደች ማለት ይህ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን ሁሉ በየቤቱ በዘጋው ጊዜ፥ ብዙዎቹ የባለጸጋ አገሮች አየር መንገዶች የመንግሥታቸውን እጅ ተመለከቱ። የእኛው ግን ከመንገደኛ ሌላ የጭነት፥ የጥገናና የማሠልጠኛ ሥራ አስቀድሞ አደራጅቶ ነበርና፥ ከአይሮፕላኑ ወንበሩን ነቅሎ ዕቃ ጫነበትና ከዚያ ክፉ ቀን ወጣ። እነሆ ሁለት መንቀል፤ ገበሬው የነቀለው ሌላ መተዳደሪያ አጥቶ ነው፤ ድርጅቱ የነቀለው ሌላ ሥራ ስለ ነበረው ነው።

ነገር ግን አንድ ድርጅት ላገር ሁሉ ዓይን አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ከፍ ሲል ብዙዎች ተደሰቱ። ደስታው ያስፈራናል፤ የወጣ ዋጋ መውረዱን ሁለት ጊዜ አይተናልና። ሹማምንትና ነጋዴዎች ሆይ! የጥጋቡን ዘመን ገንዘብ ለሕንጻና ለድግስ አታውሉት፤ ቡናውን እዚሁ ለሚቆላ፥ ቆዳውን እዚሁ ጫማ ለሚያደርግ፥ ወጣቱን የእጅ ሥራ ለሚያስተምር አውሉት። ሁለተኛው ዓይን የሚዘጋጀው አንደኛው ሳይጠፋ ነው።